በራጅ ላይ የታየችው እስፒል

ልብስ በመኪና የምትሰፉ ሰዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጨርቁን ያያያዛችሁበትን እስፒል ስትነቅሉ የት ነው የምታደርጉት? ብዙዎቻችሁ ከንፈራችሁ መሃል እንደምትይዙት አውቃለሁ። ሁለቱም እጅ ሥራ ላይ ነው፤ አፍ ደግሞ ቅርብ ነው። እኔም የማደርገው እንደዚያው ነበር። ያገኘኝን ልንገራችሁና ከዚያ በኋላ እናንተው ፍረዱ።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔና ባለቤቴ ጳውሎስ አርባ ምንጭ፣ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ውስጥ የቀበሌ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱ ላይኛው ከተማ ሴቻ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል። እኔ ገበያው አጠገብ ባለ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ውስጥ እሰፋለሁ። ምሕረት የምትባል፣ ገና ጡት ያስጣልናት ሴት ልጅ ነበረችን።

የተወለድኩት ኦቾሎ ነው። አባቴ ሸማኔ ስለነበር ክርና ጨርቅ ከልጅነቴ አውቃለሁ። የስፌት መኪና ግን ያየሁት ቆላ ከወረድኩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የላይኛው ክር ከታችኛው ጋር በምን ዘዴ እንደሚያያዝ ካላየሁ ብዬ አላስቀምጥ አልኩ። ያስተማሩኝ ሽማግሌ ሰፊ ጋሽ ወልዴ፣ "አንቺ ልጅ፣ ልትሰፊ ነው ወይስ ልትፈቺው የመጣሽው?" ይሉኝ ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ። አንድ ነገር እንዴት እንደሚሆን ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጋሽ ወልዴ ስለ እስፒል ጠንቃቃ ነበሩ። "ከስፌቱ መስመር ጋር አታስተኚው፤ አግድም ውጊው" ይላሉ። "ራሱ ወደ ቀኝ እጅሽ ይውጣ። የመኪናው እግር ሳይደርስበት መርገጫውን ቀስ አድርጊና ንቀይው። በላዩ ላይ እንዳታልፊ! መርፌው እስፒሉን ከመታ ይሰበራል፤ ሲሰበር ደግሞ ወዴት እንደሚበር አይነግርሽም።" ይህን ሲሉ የግራ ቅንድባቸውን ጫፍ በጣታቸው ይነካሉ። እዚያ ላይ ነጭ ጠባሳ ነበር። ትንሽ ወረድ ብሎ ቢሆን ኖሮ ዓይናቸው አይተርፍም ነበር።

የነገሩኝን አንድም ቀን አልጣስኩም። እስፒል ላይ ሰፍቼ አላውቅም። ግን የተነቀለችው እስፒል የት ትሂድ የሚለውን አልነገሩኝም። እሳቸው ራሳቸው የሚይዙት በከንፈራቸው ነበር፤ እንደ ጃርት እሾኽ አውጥተው እያወሩ ይሰፉ ነበር። እኔም አይቼ ለመድኩት።

ያን ሰሞን ለበዓል ሰልፍ የሚለበስ የሴቶች ማኅበር ዩኒፎርም ታዘን ካኪ ላይ ተጠምደናል። አንድ ካድሬ ሥራው የት እንደደረሰ ሊያይ መጣ። መኪኖቹን አስቁሞ ስለ ዲሲፕሊን ረጅም ንግግር አደረገልን። እኔ እጅጌ እያያያዝኩ ነበር፤ እስፒሎቹ ከንፈሬ መሃል ናቸው። በመጨረሻ ካድሬው መፈክር ሊያሰማ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ ሲያነሳ፣ የኮቱ ብብት ጨርርር ብሎ ተተረተረ። ኮቱን የሰፋነው እኛ አልነበርንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሳቄ መጣ። በዚያ ዘመን ካድሬ ፊት መሳቅ ምን እንደሚያመጣ ያየ ያውቀዋል። ሳቄን ላፍነው ብዬ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩት። ወዲያው ጉሮሮዬን አንድ ነገር ወጋኝና ሳል ያዘኝ። ሳልኩ፤ ሳልኩ፤ እንባዬ ወረደ። አጠገቤ የምትሰፋው ጓደኛዬ ትርንጎ ጀርባዬን ትደበድባለች። "ምን ሆንሽ? አንቺ፣ ምን ሆንሽ?" ካድሬው ራሱ ደንግጦ፣ "ለጓዲት ውሃ ስጧት" አለ።

የቀሩትን እስፒሎች እጄ ላይ ተፋኋቸው። አንዷ ጎድላ ይሆን? አፌ ውስጥ የያዝኩትን ማን ቆጥሮት! ካድሬው ከሄደ በኋላ የወደቀ እስፒል በምንለቅምበት ማግኔት ወለሉን ዳሰስነው። የድሮም የአዲስም እስፒል ተለጥፎ ወጣ። የኔዋ ከነሱ ትሁን አትሁን ማወቅ አልተቻለም።

ትርንጎ፣ "ውጠሻት ይሆናል" አለችኝ። "አትደንግጪ። ሙዝ በደንብ ብዪ፤ ሸፍኖ ይዟት ይወርዳል።"

ሙዝ ደግሞ እኛ አገር አይጠፋም። ጳውሎስ በአቅራቢያችን ካለው ከጫኖ መንደር አንድ ዘለላ ሙሉ አመጣልኝና ጠዋት ማታ እሱን በላሁ። እስፒሏ መውጣቷን ለማወቅ ያደረግኩትን ፍተሻ ግን እዚህ አልጽፈውም። አልተገኘችም። ሳሉም በጥቂት ቀን ውስጥ ጠፋ። ድሮም አልዋጥኳትም፣ ወለል ላይ ካገኘናቸው አንዷ ነበረች አልኩና ነገሩን ተውኩት።

ሳምንታት አለፉ። ከዚያ ደረቅ ሳል ጀመረኝ። ቀጥሎም ማታ ማታ ትኩሳት። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አርባ ምንጭ ውስጥ ያተኮሰው ሁሉ መጀመሪያ ወባ ነው፤ ማንም በዚህ አይወቀስም። ክሎሮኪን ሰጡኝ፤ ሰውነቴን እያሳከከኝ ጨረስኩት። አልተሻለኝም። ስመለስ ሌላ የጤና ረዳት ደረቴን አዳመጠና፣ "የሳንባ ምች ነው" ብሎ ፔኒሲሊን አዘዘልኝ። በሱ ተሻለኝ። ደስ ብሎኝ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። ወር ሳይሞላ ግን ሳሉ ከነትኩሳቱ መጣ፤ አሁን ደግሞ ክፉ ሽታ ያለው አክታ ጨመረ።

ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር የዚያን ጊዜ አሳምሬ አወቅኩት። ጠዋት ፀሐዩ ከየት በኩል እንደሚመጣ፣ የትኛው ጫፍ ቀድሞ ጥላ እንደሚያገኝ። ስሜ እስኪጠራ ድረስ የሌላውን ሰው ሳል አዳምጣለሁ። የአንዱ ከጉሮሮ ነው፤ የሌላው ከሆድ የሚወጣ ይመስላል። የኔ ግን ከአንድ ቦታ ብቻ ይመጣል፤ ከቀኝ ጡቴ ሥር።

ሌላም የሚገርመኝ ነገር ነበር። በቀኝ ጎኔ ስተኛ ከውስጤ ቀጭን ፉጨት ይሰማኛል። አንድ ጠዋት ጳውሎስን፣ "እስቲ ጆሮህን እዚህ አድርግ" አልኩት።

ጆሮውን ደረቴ ላይ ለጠፈ። "ይፏጫል" አለ።

"በግራ በኩልስ?"

"በግራ ምንም የለም።"

"ለምን በአንድ በኩል ብቻ?"

"እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ምን አውቃለሁ" ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አብረን አልሳቅንም።

ብዙም ሳይቆይ መሐረቤ ላይ ደም አየሁ። ከዚያ ጤና ጣቢያው ራጅ እንድነሳ ሌላ ከተማ ወዳለ ሆስፒታል ላከኝ። በአውቶቡስ አቧራ እየጠጣን ሄድን። ራጅ ክፍሉ በር ላይ እስከ ከሰዓት ጠበቅኩ። ተራዬ ሲደርስ ገብቼ ተነሳሁ፤ ከዚያ ወጣቱ ሐኪም ዘንድ አስገቡኝ። ፊልሙን በመብራት ላይ አድርጎ አሳየኝ። የቀኝ ሳንባዬ ታችኛው ክፍል እንደ ጉም ነጭ ሆኗል። በጉሙ መሃል ደግሞ አንዲት አጭር፣ ቀጥ ያለች ነጭ መስመር አለች።

"ይሄ ምንድን ነው፣ ዶክተር?" አልኩት።

ቀና ብሎ የቀሚሴን አንገትጌ አየ። እንደ ልማዴ ጥቂት እስፒል ሰክቼበት ነበር። ፈገግ አለ። "ሰፊ ነሽ መሰለኝ። ልብስሽ ላይ የቀረ እስፒል ነው።"

እኔም አንገትጌዬን ነካሁና አብሬው ሳቅኩ። በገዛ እስፒሌ አፈርኩ።

ከዚያ ፊቱ ከበድ አለ። "ይሄ ነጩ ግን ልብስ አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ይመስላል" አለኝ። አክታዬ ተመርምሮ ጀርሙ አልታየበትም፤ ሐኪሙ ግን አንዳንዴ እንደማይታይ አስረዳኝ። ደም፣ ትኩሳት፣ ክሳት፣ ይህ ጉም፤ በዚያ ላይ ብዙ ሰው በነቀርሳ በሚያልቅበት ዘመን። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ሌላ ነገር አልልም ነበር።

መድኃኒቱ የየቀኑ መርፌና ኪኒን ነው። መርፌውን ጤና ጣቢያ የሚወጉኝ ድሬሰር አቶ ታፈሰ ይባላሉ። እጃቸው ቀላል ነበር፤ መቀመጫዬ ጠጥሮ መርፌ እንቢ ሲል እንኳ፣ "አይዞሽ አስቱ፣ ዛሬ በግራ ነው፤ ቀኙ ይረፍ" እያሉ ያባብሉኛል። መርፌው ጆሮዬ ውስጥ እንደ ጢንዚዛ የሚጮህ ድምፅ አመጣብኝ። ስነሳ ምድር ይዞርብኛል።

ከመርፌው የባሰው የሰዉ ነገር ነው። ማኅበሩ "እስክትድኚ እረፊ" አለኝ፤ በጎ ቃል ነበር፤ ግን ወንበሬን ከግቢ አውጥተው ፀሐይ ላይ እንዳሰጡት ሰማሁ። በየቤቱ ተሰብስበን የምንጸልይ ሰዎች ነበርን፤ እነሱም በመስኮት በኩል ጸልየውልኝ መሄድ ጀመሩ። ትርንጎ ብቻ ትመጣለች። መጀመሪያ በሩ ላይ ቆመች። ቀጥሎ ገብታ ተቀመጠች። አንድ ቀን የጀመርኩትን ሻይ ከእጄ ወስዳ ጨረሰችው። "ምን ታፈጪያለሽ? ስኳሩ ጥሩ ነው" አለችኝ።

አማቴ ከኦቾሎ ወርዳ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ደጋ ለምዳ የቆላው ሙቀት የሚያስጨንቃት ሴት ናት። ገብታ አልተቀመጠችም። በጋሞኛ፣ "ልጅቷን ልወስዳት ነው የመጣሁት" አለች።

"እማማ፣ ልጄን የት ይወስዷታል? እኔ በጨርቅ አፌን ሸፍኜ ነው የምቀርባት" አልኳት።

"አልጠላሁሽም፣ ልጄ። እኔ ሁለት ልጅ በሳል ቀብሬያለሁ። አንዱ እቅፌ ውስጥ ነው የሞተው። ይህን ደግሜ አላይም።"

ጳውሎስን አየሁት። ተነስቶ የምሕረትን ቀሚሶች እያጠፈ ከረጢት ውስጥ ጨመረ። ልጄ አያቷ ጀርባ ላይ ታዝላ እጇን እያወዛወዘች ሄደች፤ ለሽርሽር የምትሄድ መስሏታል። እኔ እንዳትነካኝ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ከጳውሎስ ጋር ቃል መለዋወጥ አቃተኝ። ምግብ ያቀርብልኛል፤ እበላለሁ። ሌሊት ሌሊት ሳል ሲያጣድፈኝ ይነሳና ይደግፈኛል። ልጄን ሳላቅፍ ብሞትስ የሚለው ፍርሃት እኩለ ሌሊት ላይ ሲመጣ ግን ለሱ አልነግረውም ነበር።

ቀን ቀን ብቻዬን ነኝ። ሥራ የለም፤ ሰው የለም። የራጁ ፊልም እኛው ጋ ነበር የሚቀመጠው፤ በቀጠሮ ቀን ይዘን እንሄዳለን። ከሥራ ፈትነት የተነሳ አወጣሁትና መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። የገዛ አጥንትን ማየት እንዴት ይገርማል! የጎድን አጥንቶቼን እከተላለሁ። የልቤን ጥላ አየዋለሁ። ሳላስበው ሁልጊዜ መጨረሻዬ ያቺ እስፒል ናት። ራሷ ወደ ታች ነው፤ ጫፏ ወደ ላይ። በትንሹ አዘንብላለች።

አንድ ከሰዓት እንደዚያ ስመለከታት አንድ ነገር ትዝ አለኝና ተነስቼ ቆምኩ። ራጅ ክፍሉ ውስጥ ስገባ ራጅ አንሺው ሰውየ ከወገቤ በላይ እንዳወልቅ አዞኝ ነበር። ቀሚሴን አውልቄ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። የተነሳሁት እነሱ የሰጡኝን ነጠላ ጨርቅ ተከናንቤ ነው። ሐኪሙ እስፒል ያየበት ቀሚስ ራጅ ስነሳ ላዬ ላይ አልነበረም!

ጳውሎስ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ገና ከበሩ ያዝኩት። ከስንት ጊዜ በኋላ ያናገርኩት ያን ቀን ነው።

"ያቺ እስፒል የቀሚሴ አይደለችም።"

"የቷ እስፒል?"

አሳየሁት። ነገርኩት። አሰበና፣ "የሰጡሽ ጨርቅ ላይ ትኖር ይሆናላ። ስንቱ የለበሰው ጨርቅ ነው" አለ።

"ይሆናል። ከሆነም ልወቀዋ!"

ወደ ፊልሙ ቀረበ። ብዙ ቆየ። ከዚያ፣ "የዚያን ቀን የሳልሽው..." አለ። ስለ ካድሬው ኮት ነግሬው ሆዱን ይዞ ስቆ ነበር፤ ትዝ ብሎታል። "በማለዳው አውቶቡስ እንሂድ" ብቻ አለኝ።

ሐኪሙ ያው ወጣት ነበር። የምናገረውን መጀመሪያ እየጻፈ ነው ያዳመጠኝ። አውልቄ እንደተነሳሁ ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ። ሚስማሩ ከበሩ ኋላ ነው።"

"እስፒል አፍሽ ውስጥ ገብቶ ያውቃል?"

"አንዴ የዋጥኩ መስሎኝ ነበር። ክፉኛ ሳልኩ፤ ግን ተወኝ። ሙዝ በላሁበት።"

ተነሳ። ፊቱ እንደ ተማሪ ልጅ በራ። "በይ ከጎን እናንሳሽ" አለ። "ከፊት ሲነሳ እስፒሏ ደረትሽ ላይ ትሁን፣ ጀርባሽ ላይ ትሁን፣ ውስጥሽ ትሁን አንድ ነው፤ ሁሉም ተደራርቦ ነው የሚታየው። ከጎን ስናነሳሽ ግን ላይሽ ላይ ከሆነች ዳር ላይ ትወጣለች። ውስጥ ከሆነች መሃል ትገኛለች።" ይህ ለሰፊ የሚገባ ነገር ነው። የታጠፈ ጨርቅ ላይ የተወጋ እስፒል ከላይ ሲያዩት ስንተኛው እጥፋት ውስጥ እንዳለ አያስታውቅም፤ ጨርቁን በጎኑ ሲያዩት ነው የሚለየው።

አንዲት ነርስ ከወገቤ በላይ ራቁቴን አድርጋ፣ ፀጉሬን ሳይቀር ፈትሻ አቆመችኝ። ወጥተን ጠበቅን። እኔ፣ ውስጥ ባትሆን ይሻላል ወይስ ብትሆን የሚለውን እንኳ መምረጥ አቅቶኝ ነበር። ሐኪሙ ራሱ ገና ውሃው የሚንጠባጠብ ፊልም ይዞ መጣና ኮሪደሩ ውስጥ ወደ መስኮቱ አነሳው።

እስፒሏ መሃል ላይ ነበረች።

ከዚያ ሐኪሙ፣ "አይቻት ነበር እኮ" አለ ቀስ ብሎ። "አይቻት አለፍኳት።"

"እኔም አብሬዎት ስቄ ነበር፣ ዶክተር" አልኩት።

እስፒሏ በአየር ቧንቧዬ ወርዳ ቀኝ ሳንባዬ ውስጥ እንደተቀረቀረች አስረዳን። ከባዱ ራሷ ስለሆነ በራሷ ትወርዳለች፤ ጫፏ ወደ ላይ ይቀራል። አየሩ በሷ ጎን ሲያልፍ ነው የሚፏጨው። መጀመሪያ የቆመው ሳል ድኜ ሳይሆን፣ ሰውነቴ ለጊዜው ስለለመዳት ነው። ቆይቶ ዙሪያዋ መገለ፤ ጉሙም፣ ትኩሳቱም፣ ደሙም ከዚያ ነው። የነቀርሳውን መርፌ ያኔውኑ አስቆመልኝ። እሷን ማውጣት የሚችሉት ግን አዲስ አበባ ነበር።

አዲስ አበባ ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ አልጋ እስኪገኝ ብዙ ጠበቅን። ኮሪደሩ ላይ ከመንዝ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አዛውንት አጠገቤ ነበሩ። ሕፃኑ ባቄላ ትን ብሎት ሳንባው ገብቷል። "ያንቺ ምንድን ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። አሰቡና፣ "ብረት ይሻላል" አሉ። "ባቄላ ያብጣል አሉን። ብረት ባለበት ይቆያል።" እኔን ለማጽናናት እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን የምር እያወዳደርን መሆናችን አስቆን ሁለታችንም ሳቅን። ሕፃኑ በማግስቱ ባቄላው ወጥቶለት ሲወጣ አዛውንቱ ግንባሬን ስመውኝ ሄዱ።

የሚያወጣው ሐኪም ጸጉሩ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ጥያቄ እንደማበዛ ሲያይ መሣሪያውን አሳየኝ፤ ቀጥ ያለ የብረት ቧንቧ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ መብራት። አስተኝተውኝ በአፌ በኩል ወደ ሳንባዬ ያስገቡታል፤ በውስጡ ደግሞ ረጅም መቆንጠጫ ይገባል። ከመደርደሪያው ላይም አንድ ብልቃጥ አወረደልኝ። ከሰው ሳንባ የወጡ ነገሮች ናቸው፦ ሳንቲም፣ የበቆሎ ፍሬ፣ የብዕር ክዳን፣ የፊሽካ ቁራጭ። አገላብጬ አየኋቸው። እያንዳንዱ የአንድ ሰው ጭንቅ ነው።

"ጫፏ ወደ ላይ መሆኑ ነው የሚያስቸግረኝ" አለኝ። "ዝም ብዬ ብስባት ቧንቧሽን ትቀደዋለች። መጀመሪያ ጫፏን መያዝ አለብኝ። ካልሆነልኝ ደረትሽ ይከፈታል።"

የመጀመሪያው ቀን አልሆነም። ስነቃ ጉሮሮዬ ቆስሏል፤ ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። እብጠቱና መግሉ ሸፍኗት አላገኟትም። ጳውሎስ ከአልጋዬ እግር ሥር ተቀምጦ፣ "ምሕረትን አሳልፌ የሰጠሁት ፈርቼ ነው" አለኝ። "እሷን እንዳላጣ፣ አንቺንም እንዳላጣ።" መናገር ስለተከለከልኩ እጁን ያዝኩት።

መግሉ እስኪቀንስ በየቀኑ ፔኒሲሊን ተወጋሁ። ከዚያ ሁለተኛ አስገቡኝ። ዓይኔን ስገልጥ ሐኪሙ አጠገቤ ቆሟል። አንዲት ትንሽ የብረት ሳህን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ አንቀጫቀጫት። ቃ፣ ቃ አለች።

ጠቁራ ነበር። ጫፏ ግን አሁንም ስል ነው። ይህችን የምታህል ብረት ቤቴን እንዲያ በትና እንደነበር ማመን አቃተኝ። ሐኪሙ ለተማሪዎቹ ማሳያ እንድተውለት ጠየቀኝ። ትንሽ አመነታሁ፤ ከዚያ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ብልቃጡ ውስጥ ገባች።

ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ሳሉ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ሥጋ መለስኩ። ጆሮዬ ውስጥ ያለው ጢንዚዛ ብቻ እስከ ዛሬ አለ፤ ለምደነዋል።

አርባ ምንጭ እንደገባሁ ማኅበሩ ጋ ሄድኩ። ጋሽ ወልዴ እየሰፉ ነበር፤ ከንፈራቸው በእስፒል ተሞልቷል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። እያዳመጡ አንድ በአንድ ከአፋቸው እያወጡ ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። ስጨርስ፣ "አፌ ባዶ ሲሆን ቅዝቃዜ ተሰማኝ" አሉ። ያን ዕለት ከቁርጥራጭ ካኪ ጥጥ ጠቅጥቀን ትንንሽ የእስፒል ትራስ ሰፋንና በላስቲክ ግራ የእጅ አንጓችን ላይ አሰርን። የነቀልነውን እዚያ እንሰካለን። ልማዱ አልለቅ ብሎ እጄ ስንት ጊዜ ወደ አፌ እየሄደ መለስኩት! ሥራው ግን አልዘገየም። እንዲያውም ትርንጎ በነገር እየተነኮሰችን ልባችን እስኪፈርስ እየሳቅን እንሰፋ ጀመር።

እንግዲህ የኔ ምክር ይህ ነው። እስፒሉን አግድም ውጉት፤ የመኪናው እግር ሳይደርስበት ንቀሉት፤ የነቀላችሁትን ወደ ትራሱ እንጂ ወደ አፋችሁ አታድርጉት። ድንገት ትን ካላችሁና ሳሉ ቢተዋችሁ እንኳ ለሐኪም ተናገሩ፤ "ትንሽ ነገር ናት" ብላችሁ አትተዉት። ሳቅ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።

ምሕረትን አማቴ ራሷ አዝላ አመጣቻት። አድጋለች። አማርኛውን ረስታ የኦቾሎ ጋሞኛ ብቻ ታወራለች። "ነይ" ስላት አያቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች። በጋሞኛ "እናቴ" ብላ የምትጠራውም አያቷን ነው። አማቴ አፍራ፣ "እናትሽ ያቺ ናት፣ ሂጂ" ትላታለች፤ ልጅቷ ግን ንቅንቅ አትልም። ቀናት እንዲህ አለፉ። አላስገደድኳትም። በሥራዬ ላይ ሆኜ በዓይኔ እከተላታለሁ፤ እሷም በበር ስንጥቅ ታየኛለች።

አንድ ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ቁልፍ ስተክል መጥታ ፊቴ ቆመች።

"ሰውነትሽ ውስጥ እስፒል ነበረ?" አለችኝ በጋሞኛ።

"ነበረ።"

"በየት ገባ?"

"በአፌ።"

ቀረበች። ጉልበቴ ላይ ወጣችና በሁለት እጇ አገጬን ይዛ፣ "ክፈቺ" አለች። ከፈትኩ። ራሷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያዘነበለች እስከ ጉሮሮዬ ድረስ አየች። አገጬ ደከመኝ፤ ግን አልዘጋሁም። እስክትጠግብ እንድታይ ጠበቅኳት። በመጨረሻ ምንም እንደሌለ ስታረጋግጥ እጇን ከአገጬ አወረደች፤ ከጉልበቴ ላይ ግን አልወረደችም።